የጓዳው መርዝና የጓሮው ቅጠል

ጳጉሜን ስትገባ በየቤቱ የሚደረገውን ሽር ጉድ የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ ያላየው ፍራሽ ይወጣል፤ ምንጣፉ ይራገፋል፤ ጋኑ ይታጠናል፤ ግድግዳው ይለቀለቃል። ትኋኑም፣ ቁንጫውም፣ በረሮውም ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ አዲሱ ዓመት እንዳይሻገር የቤት እመቤት ታጥቃ የምትነሣው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚሁ ጉዳይ ለመጻፍ ካሰብን ብዙ ጊዜ ሆኖናል፤ ነገር ግን ብዕራችንን ያስነሣን ባለፈው ጳጉሜን በጎረቤታችን ቤት የደረሰው ነገር ነው።

ጎረቤታችን ንጹሕና ጠንቃቃ እናት ናቸው። አልጋቸውን ትኋን ስለ ወረረው በገበያ «ማላታይን» የሚባለውን የተባይ መርዝ ጽሑፍ በሌለበት ትንሽ ብልቃጥ ገዙ። በውኃ በጥብጠው ግማሹን ረጩና የተረፈውን «ነገ እደግመዋለሁ» ብለው በባዶ ሃይላንድ አድርገው ከእንስራው አጠገብ አቆሙት። ይህ መርዝ ከውኃ ጋር ሲደባለቅ እንደ ወተት ይነጣል። የሦስት ዓመት ልጃቸው ከጨዋታ ሲመለስ ወተት ያገኘ መሰለውና ተጎነጨለት።

ጩኸት ሰምተን ስንደርስ ሕፃኑ ላብ አጥምቆት፣ ለሐጩ እየወረደ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠብቦ ነበር። አንዲት አሮጊት «ወተት ስጡት እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ ልጆቼ! ወተት መርዝ ይሰብራል» ይሉ ነበር፤ ሌላው ደግሞ ጣቱን በጉሮሮው አግብቶ ሊያስመልሰው ይከጅል ነበር። ሁለቱም በቅንነት ነው፤ ሁለቱም ግን የሚጎዳ ነው። ራሱን ሊስት የተቃረበ ሕፃን በግድ ቢጠጣ ወይም ቢያስመልስ የጠጣው ነገር ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ልጁን አንሥተን ወደ ሆስፒታል በሮጥን ጊዜ እናቲቱ ጠርሙሱንም ብልቃጡንም ይዘው መምጣታቸው ትልቅ ብልኅነት ሆነ። ሐኪሙ አሽትተውና የልጁን ዓይን አይተው የመርዙን ዐይነት ስላወቁ አትሮፒን የተባለውን መድኃኒት ወዲያው አስወጉት። በሦስተኛው ቀን ልጁ በእግሩ ወደ ቤቱ ገባ።

እናቲቱ ከዚያ በኋላ የጠየቁን ጥያቄ ግን እስካሁን ከጆሯችን አልወጣም። «እሺ፣ መርዙን ጣልኩት። ትኋኑስ ልጄን ሌሊት ሲጠባው ይደር? እናንተ በጋዜጣ የምትጽፉት እስቲ ንገሩኝ» አሉን። ይህ ጽሑፍ ለእርሳቸው የሰጠነው መልስ ነው፤ ወደ ትኋኑም ኋላ እንመለስበታለን።

አስቀድመን ከትኋን መርዝ የባሰውን ሌላ የጓዳ እንግዳ እናንሣ። ነቀዝ ለመከላከል በእህል ጆንያ ውስጥ የሚከተተው ኪኒን በብዙ ቤት ከመኝታ ክፍል ጥግ ይገኛል። ኪኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል፤ በአየርና በእህሉ ውስጥ ያለው እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይወጣዋል። ነቀዙን የሚገድለው ይህ ጋዝ ነው፤ የሚገድለው ግን ነቀዙን ብቻ አይደለም። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬቱን ይሄዳል፤ በመደብና በምንጣፍ ላይ የተኛውን ሰው ያገኘዋል። ማርከሻ መድኃኒት ደግሞ አልተገኘለትም። ኪኒኑ ለትልልቅ መጋዘንና ለሠለጠነ ሠራተኛ የተሠራ ነው እንጂ ሰው ለሚያድርበት ቤት አይደለም። በዚህ ነገር ላይ «በጥንቃቄ ተጠቀሙ» ብለን ልናለሳልሰው አንፈቅድም፤ ሰው ከሚተኛበት ጣራ ሥር ፈጽሞ አይግባ።

ታዲያ እህሉስ? እዚህ ላይ የአገራችን ገበሬ ከረጅም ዘመን ጀምሮ የሚያውቀው ብልኀት አለ። ጤፍን ነቀዝ አያጠቃውም፤ ምክንያቱም ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው በእህሉ ፍሬ ውስጥ ነው፤ ትሉም የሚያድገው ፍሬውን ከውስጥ እየበላ ነው። የጤፍ ፍሬ ግን ለአንድ ትል ማደሪያ እንኳ የምትበቃ አይደለችም። ስለዚህ በብዙ አገር ገበሬው ሽንብራውን ወይም ማሽላውን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ በጎታ ያስቀምጣል። ጤፉ በትልልቁ ፍሬ መካከል ያለውን ክፍተት ሁሉ ስለሚሞላው ነቀዙ መላወሻ ያጣል። በሚፈለግበት ጊዜ በወንፊት መለየት ነው። ከተማ ለሚኖር ቤተ ሰብ እንኳ ይህ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው፤ የቤቱ ባቄላ ባለበት ቤት የቤቱ ጤፍ አይጠፋምና።

አመድም እንዲሁ ነው። ተነፍቶ የደቀቀ የእንጨት አመድ ከዘር ጋር ሲቀላቀል የተባዩን የላይኛ ቆዳ ይፍቀዋል፤ በውስጡ ያለው እርጥበት እየተነነ ይደርቃል። ሐረርጌ የሄደ አንባቢ ደግሞ ማሽላ በጉድጓድ ተቀብሮ ሲኖር አይቶ ይሆናል። ጉድጓዱ በደንብ ተዘግቶ ሲከደን እህሉና ተባዩ ራሳቸው በውስጡ ያለውን ንጹሕ አየር ይጨርሱታል፤ ተባዩም ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህም ነው አዲስ የተከፈተ ጉድጓድ ውስጥ ሳይናፈስ የሚገባ ሰው ለሞት የሚሰጠው፤ ይህንን የአካባቢው ሽማግሌዎች ጠንቅቀው ያውቁታል። የጉድጓዱ ጉድለት እርጥበት ሲገባው እህሉ መሻገቱ ነው። ዛሬ በብዙ ገበያ የሚገኘው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት በዚሁ በሐረርጌው ጉድጓድ ሕግ የሚሠራ ነው፤ ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች አየር አያስገቡም፤ የውጪው ጆንያ ይሸከማል። በሚገባ በፀሐይ የደረቀ እህል ሞልቶ፣ አየሩን ተጭኖ አስወጥቶ፣ አንገቱን እያንዳንዱን ለየብቻው ጠምዝዞ ማሰር ነው። በየሳምንቱ እየፈታ «እስቲ ልየው» የሚል ሰው ግን ጥቅሙን ያጣዋል፤ በተፈታ ቁጥር ለነቀዙ አየር ይገባለታልና።

ከጎታው ወደ ልብስ አጠባው እንሻገር። በገጠር ያደገ ሰው ሁሉ እንዶድን ያውቃል። ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦ ውኃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል፤ ጋቢና ነጠላ ያነጣል። ይህችን ቁጥቋጦ ግን ዓለም ያወቃት በአንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ዓይን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ለመመርመር ወደ ዓድዋ ሄደው ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውኃ ውስጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። የቢልሃርዝያ ተሕዋስ በሕይወቱ ግማሽ በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት፤ ቀንድ አውጣው ከጠፋ በሽታው መንገዱ ይቆረጣል። ከአጣቢዎቹ በላይና በታች ያለውን ውኃ ስንት ሰው አይቶት አልፎ ይሆን? ዶክተር አክሊሉ ግን ፍሬውን ወስደው መረመሩ፤ ገዳዩ ያው አረፋ የሚያወጣው ነገር መሆኑ ታወቀ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት ለመቀበል በቁ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ይህንን ታሪክ የጻፍነው ለኩራት ብቻ አይደለም። ቀንድ አውጣ የገደለው እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ዱቄቱ ሲወቀጥ አፍንጫን ያስነጥሳል፤ ዓይን ከገባ ያቃጥላል። አንዳንዶች ለሆድ ትል፣ አንዳንዶችም ፅንስ ለማስወረድ ሲጠጡት ብዙ ጉዳት ደርሷል። ከጓሮ የተቆረጠ ሁሉ የዋህ ነው የሚለው አሳብ በእኛ ዘንድ የተስፋፋ ስሕተት ነው። እንዶድ ለልብስ ነው፤ ለሆድ አይደለም። የታጠበበትም ውኃ ዓሣ ወዳለበት ኩሬ ባይደፋ መልካም ነው።

ዕቃን በተመለከተ እናቶቻችን የሚያስተምሩን ብዙ ነው። የጠላ ጋን በግራዋ ቅጠል ሲታሽ ሸካራው ቅጠል እንደ ብሩሽ ያገለግላል፤ ቀጥሎ በወይራ ወይም በጥንጁት ጢስ ይታጠናል። የወተት ቅልም በወይራ ሲታጠን ወተቱን የሚያኮመጥጡት ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ ይዘገያል፤ መዓዛውም ሌላ ጥቅም ነው። ቅባት የያዘውን ድስት በአመድ መፈተግም ባዶ ልማድ አይደለም፤ አመድ በውኃ ሲርስ ስቡን ወደ ሳሙናነት የሚለውጥ ኀይል አለው። ለአሉሚኒየም ድስት ግን ይብላላልና ባይደጋገም እንመርጣለን። የጠቆረ የመዳብና የነሐስ ዕቃ በሎሚና በጨው ቢታሽ ወዲያው ያበራል።

እዚህ ላይ በዘመናችን ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ስለሚተላለፍ ምክር አንድ ቃል እንናገር። ሎሚንና ቤኪንግ ሶዳን ደባልቆ የሚፈላውን አረፋ ታላቅ አጽጂ አድርጎ የሚያሳይ ሰው በዝቷል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኀይል ያጠፋል፤ የሚተርፈው ጨዋማ ውኃ ነው። ሶዳውን ለብቻ አሽታችሁ፣ አጥባችሁ፣ ከዚያ ሎሚውን ብታስከትሉ ሁለቱም ይሠራሉ። ይህስ ገንዘብና ድካም ብቻ ነው የሚያጠፋው። ሎሚን ወይም ኮምጣጤን ከበረኪና ጋር መደባለቅ ግን የሰው ሕይወት ያጠፋል፤ የሚወጣው ክሎሪን የሚባለው ጋዝ ነው፤ በጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሳንባን ያቃጥላል። በረኪና ከአሞንያ ጋርም አይገናኝ፤ ሽንት የበዛበትን መጸዳጃ በበረኪና ከመንካት በፊት በብዙ ውኃ ማጠብ ይገባል። እኛ በረኪናን ከቤት አውጡ አንልም። ኮሌራ በገባበት መንደር ለውኃና ለዕቃ ከእርሱ የሚሻል ርካሽ መከላከያ የለም፤ ሎሚ ያንን ሥራ አይተካም። ብቻውን፣ በልኩ፣ መስኮት ተከፍቶ ይሁን።

የጢስን ነገር ስናነሣ ብዙ አንባቢዎቻችን እንደሚቀየሙን እናውቃለን። ጥንጁት፣ ቀበርቾና ወይራ ሲጤሱ ትንኝ ከቤት እንደሚሸሽ እውነት ነው፤ ማታ ከደጅ ተቀምጦ ለመጫወትም ደኅና ነው። ነገር ግን ጢስ የሚያባርር እንጂ የሚያጠፋ አይደለም፤ እሳቱ ከከሰለ በኋላ ትንኟ ትመለሳለች፤ የወባ ትንኝ ደግሞ ሰው ተኝቶ ሳለ ትነክሳለች። ቤቱን ዘግቶ ሌሊቱን ሙሉ ማጤስ ደግሞ የሕፃናትን ሳንባና የእናቶችን ዓይን መጉዳት ነው። በወባ አገር አልጋው ላይ አጎበር ይዘርጋ፤ ጢሱ ለመዓዛው ይቅር።

ደግሞም ወባ የቆላ ገጠር በሽታ ብቻ ነው የሚለው እምነት ዛሬ አይሠራም። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆነች። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ እንቁላሏን የምትጥለው በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ቦታ ባለው ገንዳ ውስጥ ነው። የዚህች መድኃኒት ክዳን ነው። በርሜሉ በጨርቅም ቢሆን በጥብቅ ይሸፈን፤ በየሳምንቱ ተደፍቶ ግድግዳው ይፈተግ፤ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ማውጣት ሳምንት ያህል ይፈጅባታልና ሳትበር ትቀደማለች። የዝንብም ሒሳብ ይኸው ነው፤ ቆሻሻና ፍግ ከሳምንት በፊት ከቤት ከራቀ ትሉ ዝንብ ሳይሆን ይቀራል። የልጆችን ፊት ጠዋትና ማታ ማጠብ ደግሞ ዝንብ ከዓይን ወደ ዓይን የምታመላልሰውን ትራኮማ ያርቃል።

ስለ በረሮ ብዙ አንልም። በረሮ የሚኖረው በማታ ፍርፋሪና በሚንጠባጠብ ቧንቧ ነው። ማታ ዕቃው ታጥቦ፣ የዕቃ ማጠቢያው ደርቆ ካደረ ይሰደዳል። የቀረውን በጠርሙስ መያዝ ይቻላል፤ አፉን ከውስጥ በዘይት ቀብታችሁ ቁራሽ ዳቦ ብትጥሉበት ይገባል፤ መውጣት ግን ያዳልጠዋል።

ቁንጫ ሰፋ ያለ ነገር ይጠይቃል። ሰው የሚነክሰውን ቁንጫ ሲያሳድድ ይውላል፤ ዳሩ ግን በቤቱ ካለው የቁንጫ ዘር አብዛኛው ገና የማይነክስ ነው፤ እንቁላሉና ትሉ በወለሉ አቧራ፣ በመደቡ ጥግ፣ በምንጣፉ ሥር ነው ያለው። መርዝ የረጨ ሰው «ሞተ» ብሎ ሲያበቃ በሁለተኛው ሳምንት አዲስ ሠራዊት የሚነሣበት ይህ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ መጥረጊያ ከመርዝ ይበልጣል። በየቀኑ ጥጉ ሳይቀር ይጠረግ፤ ጥራጊው ደጅ ላይ አይደፋ፣ ይቃጠል። በእበት የተለቀለቀ ወለል አቧራውን ስለሚይዝ ለትሉ አይመቸውም። የልጆች ልብስና አንሶላ በፈላ ውኃ ይዘፈዘፍ፤ ውሻና ድመትም የሚተኙበት ጨርቅ እንደዚሁ። ማታ ደግሞ ከመብራት በታች ወለሉ ላይ ሳሙና የተሟሟበት ውኃ በዝርግ ሳህን ብታኖሩ ቁንጫው ብርሃኑንና ሙቀቱን ፈልጎ ሲዘል ይገባበታል። ሳሙናው የውኃውን ፊት ስለሚያላላው እንደ ሌላ ጊዜ ተንሳፍፎ አያመልጥም። ጠዋት ሳህኑን አይቶ መቍጠር ለልጆች ጨዋታ ነው፤ ለእናትየዋም ሥራዋ ወደ ፊት መሄዱን የምታውቅበት ነው።

አሁን ወደ ጎረቤታችን አልጋ እንመለስ። ትኋን በዓለም ሁሉ ለዲዲቲም፣ ከዚያ በኋላ ለመጡት መርዞችም እየተላመደ አስቸግሯል፤ የማይላመደው ሙቀትን ነው። ሃምሳ ዲግሪ የደረሰ ሙቀት ትኋኑንም እንቁላሉንም ይገድላል። ፍራሹን ፀሐይ ላይ ማስጣት መልካም ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ላዩ ሲግል ትኋኑ ወደ መሀሉና ወደ ሥሩ ይሸሻልና። ስለዚህ ለእናቲቱ የነገርናቸው እንዲህ ነበር፦ አልጋው ተፈታትቶ ደጅ ይውጣ፤ በየመጋጠሚያው፣ በየስንጥቁና በየሚስማሩ ቀዳዳ ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ ይፍሰስበት፤ ልጆች ግን ያን ጊዜ አጠገቡ አይቁሙ። አንሶላው ይቀቀል። የፍራሹ ስፌት በብሩሽ ተፈትጎ የተራገፈው ይቃጠል። የግድግዳው ስንጥቅ በጭቃ ይመረግ። አልጋው ሲመለስ ከግድግዳው ስንዝር ያህል ይራቅ፤ አራቱም እግሮቹ ውኃና ጥቂት ሳሙና ባለበት ጣሳ ውስጥ ይቁሙ፤ ብርድ ልብሱም መሬት አይንካ። እንቁላሉ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሚፈለፈል ይህ ሁሉ አንድ ቀን ተደርጎ የሚተው አይደለም፤ በየሳምንቱ መደጋገም አለበት።

«ይህ ሁሉ ለአንድ አልጋ?» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ብልቃጥ መርዝ መርጨት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ይህ ግን ሙሉ ቅዳሜ ይፈጃል፤ ውኃም ማገዶም ይጠይቃል። ውኃ በጀሪካን በሚገዛበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ቀላል ምክር እንዳልሆነ አልጠፋንም። ቢሆንም ባልየውም አልጋ መፍታቱን፣ ታላቂቱ ልጅም ውኃ ማቀበሉን ያዙ። በመጀመሪያው ቅዳሜ በጣሳዎቹ ውስጥ የተገኘውን ትኋን መቍጠር አልተቻለም። በሁለተኛው አሥራ አንድ ተገኘ። በሦስተኛው ሁለት። በአራተኛው ቅዳሜ ያ ትንሽ ልጅ ከአልጋው ሥር አጎንብሶ አራቱንም ጣሳ ተራ በተራ ካየ በኋላ «እማዬ፣ ምንም የለም!» ብሎ ሲጮኽ ከአጥር ማዶ ሰማነው።